ዳቦ ይዞ የሚመጣ ባል

የልጅ ልጆቼ አንድ ወሬ ከያዛቸው አይለቃቸውም። ሰሞኑን የያዛቸው ኮሮና ነው፤ በሽታውን ማለቴ አይደለም፣ ወሬውን ነው። ዮርዳኖስ አገር፣ አማን ከተማ ሆነሽ ቤት ሲዘጋብሽ ምን ትሠሪ እንደ ነበር ንገሪን ብለው ከበቡኝ። እኔም አንድ ሰርግ ከጅብ አፍ ሳስጥል ነበር አልኳቸው። አማን ጅብ አለ ወይ አሉኝ። አለ፤ በስልክ ነው የሚመጣው አልኳቸው። ሳቁብኝ። ወሬዬ እንደ ፍየል መንገድ ስለሚጠማዘዝ መሃል ላይ እንዳልጠፋባቸው ጻፊልን አሉ፤ ይኸው ጻፍኩ።

ያኔ የምንኖረው ስዌይለህ የሚባል ሰፈር ነው። ከገበያው ጎዳና ጀርባ ካለ ፎቅ ሥር አንድ ክፍልና አንድ ማድቤት ተከራይተናል። እኔ ዳቡቅና ዴር ግባር ያሉትን ትልልቅ ቤቶች በየቀኑ እየዞርኩ አጸዳለሁ። ያኔም አያት ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል፣ አፌ ግን ደህና ነው። አብራኝ የምትኖረው በዕድሜ ልጄ የምትሆን የእምነት እህት ናት፤ እሷም ጽዳት ሠራተኛ፣ እሷም እንደኔ ጴንጤ። ሙሽራዋ ነው የምንላት። አገር ቤት ሽማግሌ ተልኮላት፣ ቀለበት ታስሮ፣ በጉባኤ ፊት ቆመው ቃል ተገባብተዋል። ከዚያ ለሰርጉ የምትሆን ነገር ልያዝ ብላ መጣች። አሁን የቀራት አውሮፕላን መሳፈር ብቻ ነበር። ሻንጣዋ ታስሮ በር አጠገብ ቆሞ ነበርና ሁላችንም እየተደናቀፍን እናልፈዋለን።

የሚጠብቃት ሰው ዝምተኛ ነው። የድምፅ መልእክት ሲልክላት ግማሹ ትንፋሽ ነው፤ የቀረው ደግሞ ስለሚሠራላቸው ቤት ነው። አንድ ሳምንት ስለ ቆርቆሮው፣ ሌላ ሳምንት ስለ ምስማሩ። «እንግዲህ... ምስማሩ ዝጓል» ይልና ያበቃል። እሷ ግን ያንኑ ደጋግማ እየሰማች ታለቅስ ነበር። ስለ ዛገ ምስማር የሚያለቅስ ሰው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንደምትወደው አውቃለሁ።

ሦስተኛዋ እንግዳችን ናት። ኦርቶዶክስ ናት፤ ዴር ግባር ማዳሟ ቤት እያደረች ትሠራለች። በዕረፍት ቀኗ ሻይ ጠጥታ ልትመለስ መጣች። ሻዩ ሳይበርድ ከተማው ሁሉ በሳይረን ጮኸ፤ ማንም ከቤት እንዳይወጣ ተከለከለ። እሷም በክት ቀሚሷና በተረከዝ ጫማዋ እኛው ጋ ቀረች። በዚያ በወርቃማ ቀሚስ ሽንኩርት ስትልጥ ያያት ሰው ድግስ ያለ ይመስለው ነበር። ማዳሟ በየቀኑ ትደውላለች፤ ወንፊቱ የት ነው፣ የሩዙ ማሰሮ የት ነው ለማለት። የምትጠይቃት ሰው እንዳትጠፋባት ካርድም ትሞላላታለች። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ የእኔና የሙሽራዋ ካርድ ሲያልቅ፣ ከሦስታችን ስልክ እስትንፋስ ያለው የእሷ ብቻ ሆነ።

ካርዳችን ከማለቁ በፊት ነው ነቢይ ነኝ የሚለው ሰውዬ ስልካችን ውስጥ የገባው። ጸሎት ቤታችን ተዘግቷል። መጋቢያችን በስልክ ያጽናናን ነበር፤ ግን ደግ ሰው ከመሆኑ ብዛት ሲጸልይ እንቅልፍ ይወስደናል። ነቢዩ ግን አያስተኛም። ማን እንዳስገባን አናውቅም፤ አንድ ቀን ስንነሣ እሱ የሚመራው የስልክ ቡድን ውስጥ ነን። ድምፁ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው። ጥቅስ ይጠቅሳል፤ ነገር ግን እንደ ዶሮ ብልት የሚጣፍጠውን ይመርጥና ሌላውን ድስቱ ውስጥ ይተወዋል። ንስሐ የሚባል ብልት አንድ ቀን አውጥቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ያዘዘን፣ ሲጸልይልን ስልካችንን አናታችን ላይ እንድናስቀምጥ ነው። ሙሽራዋ ስልኩን እንደ እንስራ ተሸክማ ክፍሉን ትዞራለች። ኦርቶዶክሷ ከሽንኩርቷ ቀና ብላ ኔትወርክ ፍለጋ ነው ወይ ትላታለች። እኔም አስቀምጬ አውቃለሁ፣ ለምን ልዋሽ። ስልኬ አሮጌ ስለሆነ ይግላል፤ ያ ሙቀት መንፈስ ይሁን ባትሪ መለየት አቃተኝና አወረድኩት።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነቢዩ ለሙሽራዋ ብቻ ብሎ ድምፅ ላከላት። ሰምታ ስትጨርስ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። አሰማችን። አገር ቤት ያለው ሰው የሥጋ ምርጫሽ ነው፣ ልቀቂው ይላል። ቀጥሎም፦ «የተመረጠልሽ ባል በዚህ ሳምንት ዳቦ በእጁ ይዞ በርሽን ያንኳኳል» አለ።

እንግዲህ አስቡት። ከተማው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ውሻ እንኳ በአጥር ጥግ ነው የሚሄደው። በር የሚያንኳኳ ሰው ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ልጅቷ ያመነችው። ሰው ከመጣ ተአምር ነዋ። እኔ ደግሞ ከእሷ ይልቅ ፈራሁ። የተገባ ቃል አለ፤ ቆርቆሮ እየመታ የሚጠብቅ ሰው አለ። ያ ሁሉ በአንድ በርሜል ድምፅ ሊፈርስ ነው።

እኛ ያላሰብነው ነገር፣ መንግሥትም የሚያስበው ዳቦ ነበር። ሱቁን ዘግቶ ሕዝቡን እንዳያስርብ ዳቦ በአውቶቡስ ጭኖ በየሰፈሩ ያድላል። በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። ሙሽራዋ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ከፈትኩ። የሕንፃችን ሐሪስ፣ ማለት ዘበኛው ነው፤ ግብፃዊ ሽማግሌ፣ ከጥርሶቹ የቀሩት ለመለያየት የተቀጣጠሩ የሚመስሉ፣ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ሲጋራ የሚሰካ። በአንድ ከረጢት ኩብዝ ይዟል፤ ያንን እንደ ትራስ የሚነፋውን ስስ ዳቦ። ለሕንፃው ሁሉ የሚያድለው እሱ ነው። «ያ ሐጄ፣ ኩብዝ» ብሎኝ ሄደ። እዚያ አገር ሽበት ያላትን ሁሉ ሐጄ ይላሉ፤ እኔም መካ ሳልሄድ ለምጄዋለሁ።

ዞር ስል ሙሽራዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ቀስ ብላ ሚስት አለችው ወይ አለችኝ። ኦርቶዶክሷ ሳቋ አፈናት፤ በወርቃማ ቀሚሷ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች።

ከቀትር በኋላ ደግሞ ተንኳኳ። የቤቱ ባለቤት ሐጂ ናቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ኩብዝ ተርፎናል ብለው። ሚስታቸው ከላይ ደረጃ ላይ ሆነው፣ ርቀህ ቁም፣ ወደ ውስጥ አትተንፍስ እያሉ ይጮኹባቸዋል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ወታደር መጣ። አውቶቡሱ ላይ የተረፈውን ይዞ በየበሩ ያንኳኳል፤ ጢሙ ገና ያልበቀለ። ማድቤታችን ኩብዝ በኩብዝ ሆነ። ኦርቶዶክሷ ከረጢቶቹን በተርታ ደረደረቻቸውና ይኼ የሽማግሌው፣ ይኼ የሐጂ፣ ይኼ የወታደሩ፤ አንቺ ሙሽራ፣ የትኛውን ሚዜ ላድርገው አለቻት።

እኔም ዕድሉን አገኘሁ ብዬ መጽሐፉ የሚለውን ነገርኳት። ሙሴ ሲያስተምር፣ ነቢይ ነኝ ያለ ሰው የተናገረው ካልሆነ ከእግዚአብሔር አይደለም፣ አትፍሩት ብሏል። ይኸው የአንዱ ባል ትንቢት ሦስት ባል አመጣ አልኳት። አሰበችበት። ከዚያ የኦርቶዶክሷን ስልክ ለምና ነቢዩን ጠየቀችው። የነቢዩ መልስ እንደ ጸሎት መልስ አልዘገየም፦ ባልሽ ዳቦውን ለሁለተኛ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማን ቢያንኳኳ ጥሩ ነው? ሐሪሱ። ሥራው ነዋ፤ በየቀኑ ሊያመጣ ነው።

ያን ቀን ሙሽራዋ ምሳ አልበላችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጸለየች። ሲቸግረኝ ስለ ጥርሱ አነሣሁባት። ለጌታ የሚሳነው የለም፣ ጥርስ ይበቅላል አለችኝ። ስለ ሃይማኖቱ አነሣሁ፤ ሰውዬው እስላም ነው እኮ። እሱም ይለወጣል አለች። ኦርቶዶክሷ ሲጋራውን በምን ልትለውጪው ነው ብትላት ተቆጣች።

ሐሪሱ ደግሞ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ልጅቷ እየተመለከተችው መሆኑን ብቻ ነው። ጥርሱ ብቅ ብሎ እንደሆነ ብላ ይሁን እንጃ፣ አፉን አፉን ታየዋለች። እሱ ያሰበው ሌላ ነው፤ ሕመም አለባት፣ ወይም ሕመም አለብኝ ብላ ትጠረጥረኛለች። ነገሩ ኮሮና መሰለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኩብዙን በመወልወያ እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ ራሱ ደረጃው ላይ ቆሞ ወደ በራችን ይሰድ ጀመር። ከእግዚአብሔር የተላከው ሙሽራ በመወልወያ ልክ ርቆ ቆሟል። እኔ እንጨቱ ጫፍ ላይ ያለውን ከረጢት ስፈታ ሳቄን የምይዘው ስለ ልጅቷ አዝኜ ነው።

ይባስ ብሎ ነቢዩ ጉባኤ ፊት ያሰርሽውን አፍርሽ አላት። እሷም ስልኳን ይዛ ማድቤት ገባች። በሩን አልዘጋችም፤ ሰማናት። ለእጮኛዋ እያለቀሰች፣ አትጠብቀኝ፣ ዳቦ ይዞ የመጣ ሌላ ሰው ተገለጠልኝ ብላ ቀዳችለት። ስትልከው አልሄደም፤ ካርድ የላትም። ትንሿ የሰዓት ምልክት መልእክቱ ላይ ተቀምጣ ቀረች። የኦርቶዶክሷን ስልክ ስትለምን እሷ እምቢ አለች። በስልኬ ወንፊት ይጠየቃል እንጂ ሰርግ አይፈርስም አለቻት።

ሙሽራዋ ወደ እኔ መጣች። ተንበርክካ፣ እማማ፣ አንቺ መጽሐፉን ሰምተሻል፤ ነቢይ ሲናገረኝ እምቢ ብል አልቀሠፍም ወይ አለች። ያኔ ነው አንድ ታሪክ ትዝ ያለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው፣ እንደ ጉንዳን እየተጎተትኩ ነው የማነበው። መጽሐፍ ቅዱስን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ስልኬ ውስጥ፣ ያለ ካርድም ያለ ኔትወርክም የሚሠራ፣ አንድ ሰው ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ያነበበው አለ። ወለል ስወለውል እሱ ያነብልኛል።

በአፌ ከነገርኩሽ አንቺ አልሽው ትያለሽ፣ ከመጽሐፉ ስሚው፤ እስኪደርስ ግን መልእክቱን እንዳትልኪ ማይልኝ አልኳት። ማለችልኝ። የት ነው ያለው አለች። መሳፍንት ላይ ነው አልኩ በሙሉ ልብ።

መሳፍንት ላይ አልነበረም።

ጠዋት ጀምረን መሳፍንትን ከዳር እስከ ዳር ሰማን። ሳምሶን ደረሰ፤ አንበሳ ሲገድል እኔ ይኸው መጣ ብዬ ተነሣሁ፤ የኔ አንበሳ አልነበረም። እንግዲህ ወደፊት ነው ብዬ አላቆምኩትም። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው፤ ሩትን መዝለል ነበረብኝ። ቦዔዝ ሩትን በምሳ ሰዓት ነይ ከዳቦው ብዪ ሲላት፣ ሙሽራዋ መጥረጊያዋን ጣለች። እማማ፣ ዳቦ ነው ያለው አይደል አለችኝ ፊቷ በርቶ። አንባቢውን ወደ ኋላ መልሼ ደግሞ ማሰማት ሆነብኝ። ቦዔዝ ነቢይ አልላከም፣ መወልወያም አልያዘም፣ በአደባባይ ሽማግሌ ሰብስቦ በሕጉ ነው ያገባት እያልኩ እስኪደክመኝ ተከራከርኳት። ኦርቶዶክሷ፣ እማማ፣ መድኃኒት ፍለጋ ገብተሽ በሽታ ይዘሽ ወጣሽ አለችኝ።

ሳሙኤልን ሰማን። ዳዊት ሲያለቅስ አለቀስን። የጦረኞቹ ስም ሲዘረዘር እያንቀላፋን አለፍን። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ፣ ይህ ክንድ ቁመቱ፣ ያ ክንድ ወርዱ እያለ አንባቢው ሲለካ ሦስታችንም ጭልጥ ብለን ተኛን፤ ስንነቃ ሕንፃው ተጠናቅቆ መንግሥቱም ተከፍሎ ነበር። በዚህ መሃል በየጠዋቱ ኩብዙ በእንጨት ይመጣል፤ ልጅቷ በየጠዋቱ ታየዋለች። ነቢዩም በኦርቶዶክሷ ስልክ፣ መልእክቱን ላክሽ ወይ እያለ ይጠይቃታል። ታሪኩን ያለምኩት ቢሆንስ? በመጽሐፉ የሌለውን አለ ብዬ ከሆነ እኔና ነቢዩ በምን ተለያየን?

ከዚያ ነገሥት ላይ መጣልኝ።

አንድ የእግዚአብሔር ሰው ከይሁዳ ወደ ቤቴል ተላከ። እዚያ ዳቦ አትብላ፣ ውኃ አትጠጣ፣ በመጣህበት አትመለስ ተብሏል። ንጉሡ ቢለምነው እምቢ አለ፤ ጎበዝ ነው። ሲመለስ ግን አንድ ሽማግሌ ነቢይ አህያውን ጭኖ ደረሰበት። እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ፤ መልአክ፣ መልሰህ ዳቦ አብላው ብሎኛል አለው። ዋሸው። ያ ምስኪን ለንጉሥ እምቢ ያለው ሰው ለነቢይ እሺ አለ፤ ተመልሶ በላ። ሽማግሌው በጫነለት አህያ ሲሄድ መንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። አንበሳው ሬሳውን አልበላ፣ አህያውን አልነካ፤ አንበሳና አህያ ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ ቆመው መንገደኛ አያቸው።

አንባቢው ሲቀጥል አቆምኩት። ሙሽራዋ፦

«እማማ፣ አህያው ለምን አልሸሸም?» አለች።

እኔ አላውቅም። ያን ሁሉ ነገሥት ሰምታ የያዘችው አህያውን ነው። መልስ የሰጠችው ኦርቶዶክሷ ናት፤ ሽንኩርቷን እየላጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«እሱ ሽማግሌውን አልሰማማ» አለች።

መጀመሪያ እኔ ሳቅኩ። ከዚያ ሙሽራዋ። እየሳቀች እያለ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደባት፤ ቁጭ ብላ ሻንጣዋን አቀፈች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምለውን አንባቢው ብሎልኛል።

«ቃል የገባሁት መጽሐፉ ተከፍቶ ነው» አለች በመጨረሻ። «የመጀመሪያውን ነገር የነገረኝ እሱ ነው። ይኼኛው መልአክ ቢሆን እንኳ በኋላ ነው የመጣው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አህያዋ እሆናለሁ።»

ስልኳን አወጣች። ያንን የተንጠለጠለ መልእክት ልታጠፋው ስትል፣ ካየሁት ድጋሚ እሰማዋለሁ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷን የት ጋ እንደምትጫን ኦርቶዶክሷ መራቻት፤ እሷም የሳቅ እንባ ዓይኗን ጋርዶት ነበር። ጠፋ። ነቢዩ በማግስቱ ሲጠይቅ የመለሰችለት በራሷ አንደበት ነው፤ አፏን የኦርቶዶክሷ ስልክ ላይ አስጠግታ፣ የተናገርከው አልሆነም፣ አልፈራህም አለችው። ሌላ ትንቢት ሲጀምር ኦርቶዶክሷ ማዳሜ እየደወለች ነው ብላ ዘጋችበት። እውነትም እየደወለች ነበር፤ ወንፊቱ ደግሞ ጠፍቷል።

ለሐሪሱ ነገሩን በዐረብኛ ለመንገር ሞከርኩ፤ ቢያንስ ሕመም እንደሌለባት ይወቅ ብዬ። ግማሹን ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ያ ሐጄ፣ እኔ አገሬ ላይ ሚስት አለችኝ፣ እሷም ትበቃኛለች፣ እንዲያውም ትበዛብኛለች አለ። እንጨቱን ግን አልጣለም። ለጥንቃቄ ነው አለ።

አውሮፕላን ሲከፈት ሙሽራዋ ሄደች። ተጋቡ። መጋቢያችን በስልክ ባረካቸው፤ እኔ በዚያ ምርቃት መሃል እንቅልፍ ወሰደኝ፣ በደስታ ነው። ኦርቶዶክሷ የክት ቀሚሷን አጥባ ወደ ዴር ግባር ተመለሰች። እኔም ቆይቼ አገሬ ገባሁ።

ከስንት ዓመት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቱ ቆርቆሮው ያበራል፤ ልጆች አሉ፤ ሰውዬው ያው ዝምተኛ ነው። እራት ላይ ስንስቅ የነቢዩን ነገር አነሣን። እሷ ስለ መወልወያው ስትናገር እኔ ስለ አንበሳው ጨመርኩ። መልእክቱን ዓይኗን ጨፍና እንዴት እንዳጠፋችው ስነግረው ሰውዬው ማኘኩን አቆመ። ውኃ ጠጣ።

«እንግዲህ... ደርሶኝ ነበር» አለ።

እሷ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። በየትኛው ሰዓት፣ በማን ኔትወርክ እንደሄደ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ልጆቼ የሐጂ ዋይፋይ በደረጃው በኩል ገብቶ ይሆናል ይላሉ። ብቻ እኛ ገና መሳፍንት ላይ እያለን እሱ ሰምቶታል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። እሱም ቃል የገባው መጽሐፉ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ዳቦ ደግሞ ያልቃል ብሎ እንዳሰበ ነገረኝ፤ መልእክቱን በሰማበት ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቶ የመጨረሻውን ቆርቆሮ መታ።